በረኛን በ23 ዓመቱ መቅበር

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን መረብ በተደፈረ ቁጥር «ይቺ አገር በረኛ የማይወጣላት ለምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄው ሲነሳ መልሱም አብሮት ነው። የቁመት ነገር ነው የሚል አለ፤ ክለቦች የውጭ በረኛ እያመጡ የአገሩን ልጅ ቦታ አሳጡት የሚል አለ፤ ከሁሉም የሚበዛው ግን ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ኔልስፕሩት ላይ የተመዘዘውን ቀይ ካርድ ጠቅሶ «የእኛ በረኞች እርጋታ የላቸውም» ብሎ ነገሩን የሚዘጋው ነው። ሦስቱም መልሶች የሚስቱት አንድ ነገር አለ፤ በረኛ የሚበስልበት ዕድሜ ከሌላው ተጫዋች የተለየ መሆኑን። አጥቂ በ20 ዓመቱ ጎል ማግባት ከጀመረ በዓመቱ ፈላጊው ይበዛል። በረኛ ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቀው ወደ ሰላሳ ሲጠጋ ነው፤ እስከዚያ ድረስ እየተሳሳተ የሚጫወትበት ሜዳ ካላገኘ ተሰጥኦው ብቻውን አያቆመውም። ኢትዮጵያ ውስጥ የጎደለው ይህ የመብሰያ ጊዜ ነው።

የጥር 13ቱ ጨዋታ

ቀኑ በኢትዮጵያ እግር ኳስ የከበረ ቀን ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ብቸኛውን የአፍሪካ ዋንጫዋን አንስታለች። ልክ በ51ኛው ዓመት፣ በዚያው ዕለት፣ ከ31 ዓመታት በኋላ ወደ መድረኩ የተመለሰው የአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ቡድን በኔልስፕሩቱ ምቦምቤላ ስታዲየም የወቅቱን ሻምፒዮን ዛምቢያን ገጠመ። ከደቡብ አፍሪካ ከተሞች የተሰባሰበው ኢትዮጵያዊ ስታዲየሙን የራሱ አድርጎት ነበር። ጨዋታው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ዋልያዎቹ ፍፁም ቅጣት ምት አገኙ፤ ሳላዲን ሰይድ የመታውን ኬኔዲ ምዌኔ አዳነው። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ከተከላካዮች ጀርባ የተጣለ ኳስ ቺሳምባ ሉንጉን ለብቻው አስወጣው። የኢትዮጵያ ቡናው ጀማል ጣሰው ግቡን ትቶ ወጣ፣ እግሩን ከፍ አድርጎ ገባ፣ ያገኘው ግን ሉንጉን ነበር። ራሱም ተጎድቶ ቃሬዛ ላይ ሳለ ቀዩ ታየው። ካርዱ ተገቢ ነበር፤ በዚያ ላይ ክርክር የለም።

ክርክሩ ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ነው። ዘሪሁን ታደለ ተቀይሮ ገባ፣ ከእረፍት በፊት ኮሊንስ ምቤሱማ ለዛምቢያ አገባ፣ በ65ኛው ደቂቃ አዳነ ግርማ አቻ አደረገ። ውጤቱ 1 ለ 1። ኢትዮጵያ በዚያ ውድድር ያገኘችው ብቸኛ ነጥብ የተገኘው በረኛዋ በተባረረበት፣ ለአንድ ሰዓት ገደማ በ10 ሰው በተጫወተችበት ጨዋታ መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በአራተኛው ቀን ከቡርኪና ፋሶ ጋር ነገሩ ተገለበጠ። የቡርኪናው በረኛ አብዱላዬ ሱላማ ከክልሉ ውጪ ኳስ በእጁ ነክቶ በቀይ ሲወጣ ቡድኑ የሚመራው 1 ለ 0 ነበር፤ በ10 ሰው ሦስት ጎል ጨምሮ 4 ለ 0 አሸነፈ። በረኛ ስለተባረረ ጨዋታ ይጠፋል የሚለውን ፍርድ የእነዚህ ሁለት ጨዋታዎች ውጤት ያፈርሰዋል። በሦስተኛው ጨዋታ ከናይጄሪያ ጋር ደግሞ ቪክቶር ሞሰስ ሁለት ፍፁም ቅጣት ምት አገባ፤ ሁለተኛውን ያስከተለው የሲሳይ ባንጫ ጥፋት ሁለተኛ ቢጫ ሆኖበት ወጣ። ቅያሪ በማለቁ አማካዩ አዲስ ህንፃ ጓንት አጥልቆ ቆመ። በሦስት ጨዋታ ሦስት በረኛ በቀይ ወጣ፤ ሁለቱ የኢትዮጵያ፣ አንዱ የቡርኪና። ቡርኪና ፋሶ ግን ከዚያ ተነስታ ለፍጻሜ ደረሰች፤ ሱላማንም የአገሩ ሰው የውድቀት ምልክት አላደረገውም።

ጀማል በዚያ ዕለት 23 ዓመቱ ነበር። ተቃራኒው ግብ ላይ የቆመው ምዌኔ 28። የአምስት ዓመት ልዩነት በሌላ የሜዳ ቦታ እምብዛም አይታይም፤ በረኛ ላይ ግን ያንን ኳስ ልውጣለት ወይስ ልቁምለት የሚለውን ውሳኔ የሚለየው ይኸው ነው።

ከጊዮርጊስ እስከ ሰንዳውንስ

ግቡ 7 ሜትር ከ32 ስፋት፣ 2 ሜትር ከ44 ከፍታ አለው። ይህን ያህል ቦታ ማንም በክንዱ አይሸፍነውም፤ የሚሸፈነው በአቋቋም ነው። ተሻጋሪ ኳስ ሲመጣ መውጣት፣ ከተከላካይ ጀርባ ለሚጣል ኳስ ሦስት እርምጃ ቀድሞ መጠበቅ፣ አጥቂው እግሩን ሳያነሳ ጠርዙን መዝጋት፤ እነዚህ በልምምድ ሜዳ ይነገራሉ እንጂ አይለመዱም። የሚለመዱት ነጥብ ባለበት ጨዋታ፣ ተመልካች እየጮኸ፣ ያውም አንዳንዴ ጎል ከተቆጠረ በኋላ ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. ተከላካይ በእግሩ የመለሰለትን ኳስ በረኛ በእጁ እንዳይዝ ሕግ ሲወጣ ደግሞ ሥራው በእጥፍ ከበደ። ከዚያ ወዲህ በረኛ እንደ አንድ ተጨማሪ ተከላካይ ኳስ ማቀበልና ከ16 ከ50 ወጥቶ ማጽዳት ይጠበቅበታል። በኳስ ቅብብል የሚታወቀውና ተከላካዮቹን ወደፊት አስጠግቶ የሚጫወተው የሰውነት ቡድን በረኛውን ብዙ ጊዜ ባዶ ሜዳ ፊት ለፊት ያቆመው ነበር። ስህተቱ የጀማል ቢሆንም እዚያ ቦታ ላይ ያቆመው አጨዋወቱም ነው።

በረኛ እንዴት እንደሚበስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በአዲስ አበባ በኩል ያለፈ ምስክር አለ። ዩጋንዳዊው ዴኒስ ኦንያንጎ ከኤስ ሲ ቪላ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሲመጣ ዕድሜው 20 ገደማ ነበር። በ2006 እ.ኤ.አ. ወደ ደቡብ አፍሪካው ሱፐርስፖርት ዩናይትድ ሄደ። ከዚያ በኋላ ያለው መንገዱ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ለምፑማላንጋ ብላክ ኤስስ ተጫወተ፣ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ካስፈረመው በኋላም በውሰት ለቢድቬስት ዊትስ ተሰጠ። የሰንዳውንስን ግብ በእርግጠኝነት የያዘው ወደ ሰላሳ ዓመቱ ሲጠጋ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል። በ2016 እ.ኤ.አ. ሰንዳውንስ ዛማሌክን በድምር ውጤት 3 ለ 1 አሸንፎ የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግን ወሰደ፤ ዩጋንዳ ከ1978 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈች፤ ኦንያንጎም በአህጉሩ ውስጥ የሚጫወት የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ያኔ 31 ዓመቱ ነበር። ዩጋንዳን ለዚያ ያበቃት አሰልጣኝ ሚሉቲን ስሬዶዬቪች፣ አዲስ አበባ «ሚቾ» ብላ የምታውቀው፣ ቀደም ሲል ቪላንም ጊዮርጊስንም ያሰለጠነ ሰው ነው። ነገሩን የበለጠ የሚያጎላው ደግሞ በሰንዳውንስ ተጠባባቂ ወንበር ላይ የኦንያንጎን ቦታ ሲጠብቅ የኖረው ሰው ኬኔዲ ምዌኔ መሆኑ ነው፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ የአሳሞአ ጂያንን ፍፁም ቅጣት ምት ያዳነ፣ በፍጻሜው የመለያ ምት የኮሎ ቱሬን አድኖ የራሱንም አግብቶ አገሩን ያነገሠ በረኛ። እርሱን ያህል ሰው ወንበር ላይ የሚያስቀምጥ ክለብ የበረኛን ቦታ እንዴት እንደሚያይ መገመት አያስቸግርም።

የግብፁ ኤሳም ኤል ሃዳሪ ደግሞ ጉዳዩን እስከ ጫፍ ያደረሰ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. ግብፅ ዋንጫ ስታነሳ የ25 ዓመት ተጠባባቂ ነበር፤ ግቡን የያዘው ናድር ኤል ሰይድ ነው። ግብፅ በ2006፣ በ2008 እና በ2010 እ.ኤ.አ. ተከታትላ ስታሸንፍ ኤል ሃዳሪ 33፣ 35 እና 37 ዓመቱ ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ በ45 ዓመቱ ተሰልፎ የሳዑዲ ዓረቢያን ፍፁም ቅጣት ምት ሲያድን በውድድሩ ታሪክ በዕድሜ ትልቁ ተጫዋች ሆነ። በ25 ዓመቱ ቢፈረድበት ኖሮ ከእነዚህ አንዱም አይኖርም።

ፍርዱ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማየት ብራዚልን ማስታወስ ይበቃል። ሞአሲር ባርቦሳ በ1949 እ.ኤ.አ. የደቡብ አሜሪካ ዋንጫን ያነሳ፣ የቫስኮ ዳ ጋማ ምርጥ በረኛ ነበር። በዓመቱ ማራካኛ ላይ የኡራጓዩ ጊጂያ በቅርብ ቋሚ በኩል ያገባበት ጎል ብራዚልን የዓለም ዋንጫ አሳጣ፤ ሰውየውም በ2000 እ.ኤ.አ. እስኪሞት ድረስ የዚያች ጎል ባለዕዳ ሆኖ ኖረ። ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ያለ ጭካኔ የለም ይባል ይሆናል። ሆኖም ጀማል ከኔልስፕሩት ዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም. ወደ ካሜሩን በተጓዘው የውበቱ አባተ ቡድን ውስጥ በ32 ዓመቱ ከአዳማ ከተማ መመረጡን ስንቱ ያውቃል? በየክለቡ ጓንቱን ሳይሰቅል የቆየበት ያ ሁሉ ዓመት ከአንዲት የቴሌቪዥን ምስል ያነሰ ቦታ ነው የተሰጠው።

የውጭ በረኛ ጥፋተኛ ነውን?

የውጭ በረኛን የሚወቅሰው ወገን መከራከሪያ ቀላል አይደለም። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮኖችን ተራ በተራ ማየት ይበቃል። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር ሲያሸንፍ ግቡን የያዘው ጋናዊው ዳንኤል አጄይ ነው። በ2011 የመቐለ 70 እንደርታ በረኛ የኢኳቶሪያል ጊኒው ፊሊፕ ኦቮኖ ነበር። የ2012ቱ ውድድር በኮሮና ተሰረዘ። በ2013 ፋሲል ከነማ ማሊያዊውን ሚካኤል ሳማኪን፣ በ2014 ቅዱስ ጊዮርጊስ ዩጋንዳዊውን ቻርለስ ሉክዋጎን ይዘው ዋንጫውን ወሰዱ። ጊዮርጊስ ከዚያ በፊትም ሮበርት ኦዶንካራንና ኬንያዊውን ፓትሪክ ማታሲን አሰልፏል። ሜዳ ላይ ያለው የበረኛ ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ የውጭ አጥቂ ሲመጣ የአገሩ ልጅ በክንፍ ሊጫወት ይችላል፣ የውጭ በረኛ ሲመጣ ግን የአገሩ ልጅ ወንበር ላይ ይቀመጣል። በረኛ በጨዋታ ነው የሚበስለው ከተባለ እንግዲህ ይህ መከራከሪያ ከላይ ከተነገረው ጋር የሚቃረን ሳይሆን የሚገጥም ይመስላል።

ሆኖም በሩን መዝጋት ውጤት ያመጣል የሚለው ሲፈተሽ አይጸናም። ቻይና የውጭ በረኛ ከሊጓ ካገደች ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ለዓለም ዋንጫ ያለፈችው በ2002 እ.ኤ.አ. አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ ለዓመታት ዘግታ ኖራ በ2017 እ.ኤ.አ. ከፈተች፤ መጀመሪያ ከገቡት አንዱ ራሱ ኤል ሃዳሪ ነበር። በሩ ከተከፈተ አምስት ዓመት በኋላ ሳዑዲ አርጀንቲናን 2 ለ 1 ስታሸንፍ ግብ ላይ የነበረው በአገሩ ሊግ ያደገው ሞሐመድ አል ኦወይስ ነው። የኢትዮጵያም ውጤት ያንኑ ይናገራል። የውጭ በረኛ እንደ ኋላው ባልበዛበት ጊዜ፣ በ2005 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ፣ ዋልያዎቹ በሦስት ጨዋታ 7 ጎል ተቆጠረባቸው፤ ሻምፒዮኖቹ ሁሉ የውጭ በረኛ ባሰለፉበት ዘመን፣ በ2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ፣ በሦስት ጨዋታ 6። በስድስት ጨዋታ ላይ ትልቅ መደምደሚያ መገንባት አይገባም፤ ግን የውጭ በረኛ መጥቶ ነገሩን አበላሸው ለማለት የሚያበቃ ነገር በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ አይገኝም።

ክለቦቹም የራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ ሊሰማም ይገባል። ሦስት ጨዋታ ተከታትሎ የተሸነፈ አሰልጣኝ ስንብቱን በሚጠብቅበት ሊግ የ21 ዓመት በረኛ አሰልፎ የሚማርበትን ዓመት ከራሱ ደመወዝ የሚከፍል ሰው አይገኝም። ስለዚህ የበሰለ በረኛ ይፈለጋል፤ አገር ውስጥ ያላበሰሉትን ደግሞ ከካምፓላ ወይም ከባማኮ ይገዛል። የውጭ በረኛ የበሽታው ምልክት ነው። ቢታገድ ክለቦች ባለ ሃያ አንድ ዓመቱን ያሰልፋሉ ማለት አይደለም፤ ያሉትን ጥቂት አንጋፋዎች በውድ ዋጋ ይቀባበላሉ፣ ወጣቱም እዚያው ወንበሩ ላይ ይቀራል።

የቁመት ሰበብ ብዙ ቃል አያሻውም። የሜክሲኮው ሆርሄ ካምፖስ በ1 ሜትር ከ70 ገደማ ቁመት የ1994ን የዓለም ዋንጫ ተጫውቷል። ቁመት ይረዳል፤ ከተማሩበት።

ቡራዩ ላይ የሚጀምረው

ችግሩ ሥር የሚሰደው ከፕሪሚየር ሊግ በጣም ዝቅ ብሎ ነው፤ ለማየትም ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ቡራዩ ድረስ መሄድ ይበቃል። ቤት እየከበበው በሚጠብ ሜዳ ላይ ቋሚው ሁለት ድንጋይ ነው። በረኛ የሚሆነው ዘግይቶ የመጣው፣ ወይም ታናሽ ወንድም፣ ወይም ጫማ የሌለው ነው፤ ጎል ሲቆጠርበትም «በቃ ውጣ» ይባልና ሌላው ይተካል። በቦታው ፈልጎ የሚቆም ልጅ ብርቅ ነው። መሬቱ ኮረት ስለሆነ መውደቅ አይታሰብም፤ ልጁ ኳስን በእግሩ እየመለሰ፣ ቆሞ እጁን እየዘረጋ ያድጋል። ክረምት ሲገባ ግቡ ፊት ያለው ጉድጓድ ውሃ ይቋጥራል፣ ጨዋታውም ወደ ጎን ይሸሻል። በ16 ዓመቱ ወደ ታዳጊዎች ፕሮጀክት ሲገባ በአየር ላይ ተወርውሮ በጎን መውደቅን እንደ አዲስ ይማራል። ያም አስተማሪ ካገኘ ነው፤ በአብዛኛው አንድ የፕሮጀክት አሰልጣኝ ሃያና ሠላሳ ልጅ ይዞ ቅብብልና ሩጫ ሲያሠራ በረኞቹ ከሜዳው ጥግ ሁለት ሆነው እርስ በርስ ኳስ ይወራወራሉ። የተሰነጠቀ ጓንት በየተራ የሚያጠልቁም አሉ።

እንግዲህ ይህ ልጅ በዚህ ሁሉ አልፎ 20 ዓመት ሞላው እንበል። ቀጣዩ ደረጃ ምንድን ነው? ዋና ከተማዋን የከበቡት ከተሞች በወረቀት ላይ መልሱ ነበራቸው። ሰበታ ከተማ በ2011 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ አድጎ እስከ 2014 ቆየ፤ ቡራዩ ከተማና ሱሉልታ ከተማም ከእሱ ቀጥሎ ባለው ከፍተኛ ሊግ ተጫውተዋል። ወጣት በረኛ ስህተቱን የሚሠራበት፣ ቴሌቪዥን የማይቀርጸው፣ ነጥብ ግን ያለበት ጨዋታ የሚገኘው በዚህ ደረጃ ነው። ኦንያንጎ በዊትስ ያሳለፈው የውሰት ጊዜ ያንን ሠርቶለታል። በኢትዮጵያ ግን የትልቅ ክለብ ሦስተኛ በረኛ በውሰት ወደ ከፍተኛ ሊግ ከመሄድ ይልቅ ዓመቱን ሙሉ በልምምድ ላይ ኳስ ሲመልስ ይከርማል፤ ዝቅ ያለውም ክለብ ውጤት እንዲያመጣለት ከላይ የወረደ አንጋፋ ይፈልጋል። ሁለቱም ለራሳቸው ትክክል ናቸው፤ ጎዶሎው በልጁ ላይ ይወድቃል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰበ በዲኤስቲቪ መታየቱም የራሱን ጥላ ጥሏል። ለክለቦች ገቢ አምጥቷል፤ ነገር ግን የሰበታ ልጅ የከተማውን ቡድን በረኛ ከግቡ ጀርባ ቆሞ፣ ተከላካዮቹን እንዴት እንደሚያዝ እየሰማ ሳይሆን በስክሪን ተመለከተው። ካሜራው ኳሱን ነው የሚከተለው፤ ኳስ በሌለበት ሰዓት በረኛው የት እንደሚቆም ደግሞ ዋናው ትምህርት ነው።

በ2015 ዓ.ም. ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋር ሸገር ከተማ ሲሆኑ ብዙ የተወራው ስለ መሬትና ስለ አስተዳደር ነው። ለእግር ኳሱ ግን ቀላል ሒሳብ አለ። ሦስት የከተማ ቡድኖች ሲኖሩ ሦስት የተሰላፊ በረኛ ቦታ አለ፤ ቡድን በተዋሃደ ቁጥር ለበረኛ የሚተርፈው ቦታ አንድ ነው። የአማካይ መስመር ውህደትን ይሸከማል፣ ግብ አይሸከምም። ትልቅ ከተማ ትልቅ ክለብ ቢፈልግ አይፈረድበትም፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ቡድኑን በታችኛው ሊግ በየሰፈሩ ካላቆየ ግን ለአጥቂ ባለው ስሌት በረኛን እየቀነሰ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ፍርድ ለፌዴሬሽኑም ለክለቦቹም የሚመች አይደለም። የውጭ በረኛን ማገድ ርካሽ እርምጃ ነው፤ በአንድ ደብዳቤ ያልቃል፣ ሥራ የተሠራ ያስመስላል። የሚያስፈልገው የሚያደክመው ነው፤ ከ23 ዓመት በታች ያለ የፕሪሚየር ሊግ ሁለተኛና ሦስተኛ በረኛ ለግማሽ ዓመት እንኳ በውሰት ወደ ከፍተኛ ሊግ የሚሄድበት፣ ደመወዙን ላኪው የሚሸፍንበት፣ ዋናው በረኛ ከተጎዳ በአስቸኳይ የሚመለስበት ደንብ። ተቀባይ ክለቦች የመጨረሻዋን ነጥብ ባይወዷት እንኳ ላኪዎቹ ያለ እርሷ አይፈርሙም። በፕሮጀክት ደረጃ ደግሞ ለእያንዳንዱ ቡድን የበረኛ አሰልጣኝ መቅጠር ዛሬ የማይቻል ቢሆን፣ ጓንታቸውን የሰቀሉ አንጋፋዎችን በአንድ ከተማ ላሉ ፕሮጀክቶች ሁሉ በሳምንት ሁለት ቀን ማዞር ይቻላል፤ ቡራዩና አካባቢዋን ለመሸፈን አንድ ሰውና የሚወደቅበት ለስላሳ ሣር ያለው አንድ ሜዳ ይበቃሉ። ይህ ሁሉ ተደርጎም ሁሉም በረኛ አይበስልም፤ አንዳንዱ በ30 ዓመቱም በ20 ዓመቱ የሚሠራውን ስህተት ይሠራል፣ እርሱን መሸኘት ተገቢ ነው። ግን ማን እንደሆነ የሚታወቀው መቶና መቶ ሃምሳ ጨዋታ ከተጫወተ በኋላ ነው፤ በኢትዮጵያ ያንን ያህል ጨዋታ ሳይሞላው የተሸኘው ይበዛል።